የሚያፈስ የኩሬ ግድብ በውርጭ ወራት፦ ምኑ ዛሬ ይሠራል፣ ምኑ ይቆያል

በታኅሣሥ ወር በደብረ ብርሃን ዙሪያ ማለዳ የወጣ ሰው፣ መስኩ በአመዳይ ነጥቶ ሣሩም ደርቆ ሳለ፣ ከአንድ የኩሬ ግድብ ግርጌ የምንጣፍ ስፋት ያህል ቦታ ብቻ ለምልሞ ሊያይ ይችላል። ከብቶች ይህን ቦታ ከባለቤታቸው ቀድመው ያውቁታል፤ ከበረት እንደወጡ ወደዚያው ያመራሉ። ባለኩሬው ግን ብዙውን ጊዜ የሚነቃው ለበጋ መስኖ ያጠራቀመው ውኃ ካሰበው ቀን ቀድሞ ሲጎድልበት ነው። ያ ልምላሜ ውኃው በግድቡ ውስጥ ወይም ከግድቡ ሥር መንገድ ማግኘቱን ይናገራል። መንገዱ በምን ይዘጋ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል፤ ከዚያ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ግን ውኃው ሲወጣ አፈር ይዞ ይወጣል ወይስ ብቻውን የሚለው ነው። የጥገናው ዓይነትም ሆነ አጣዳፊነቱ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር መጥራት አለበት። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተጻፉ መመሪያዎች የአፈር ግድብ በክረምት እንዳይጠገን ሲያስጠነቅቁ፣ ክረምት የሚሉት ምድር በበረዶ የሚጠጥርበትን ጊዜ ነው። የእኛ ክረምት ዝናቡ ነው፤ ብርዱና ውርጩ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የበጋ ወራት ነው። ቃሉን ብቻ ተርጉሞ መመሪያውን የተከተለ ሰው ለሥራ የሚመቸውን ጊዜ ያባክናል። በደጋው ኢትዮጵያ ብርዱና ደረቁ ወቅት አንድ ላይ ስለሚውሉ፣ ወደ ኩሬው የሚገባ ጎርፍ የለም፣ የውኃው ከፍታ ይቀንሳል፣ የገበሬውም እጅ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ይፈታል፤ የሚያስቸግረው የሌሊቱ ውርጭ ብቻ ነው። በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ኩሬ ያለው ሰው ግን አፈሩ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ታች ስለሚጠጥርበት፣ ያለው አማራጭ ጉዳቱን ይዞ ማቆየትና ዋናውን ሥራ ለጸደይ መተው ነው። የሁለቱ ሰዎች ሥራ የሚመሳሰልበትም የሚለያይበትም ቦታ አለ።

ፍጹም ውኃ የማያሳልፍ የአፈር ግድብ የለም። በደንብ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ውስጥም እንኳ ውኃ በዝግታ ይሰርጋል፤ ስርገቱ ትንሽ እስከሆነና የሚወጣው ውኃ ጥርት ያለ እስከሆነ ድረስ ግድቡ ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። አደጋው የሚጀምረው ውኃው ከመውጫው አካባቢ የአፈር ቅንጣቶችን እየለቀመ መሄድ ሲጀምር ነው። ከታች በትንሹ የተቀደደ የጤፍ ጆንያን ማሰብ ይጠቅማል፦ መጀመሪያ የሚወጣው ከቀዳዳው ፊት ያለው ጤፍ ነው፤ እሱ ሲወጣ ከኋላው ያለው ይከተላል፤ ባዶው ቦታም ወደ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። በግድብ ውስጥም ቀዳዳው የሚቆፈረው ከደረቁ ገጽ፣ ማለትም ውኃ ከማይነካው ከውጪው ጎን ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩሬው ነው። ቀዳዳው ኩሬው ዘንድ በደረሰ ጊዜ ውኃው ያለ ምንም እንቅፋት ያልፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት፣ አንዳንዴም በደቂቃ ነው። በአሜሪካ ኢዳሆ ግዛት የነበረው የቲተን ግድብ 93 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው አዲስ የአፈር ግድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ማለዳ ላይ ድፍርስ ውኃ ሲያፈስ ታየ፤ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ተናደ፤ 11 ሰዎችም ሞቱ። የመንደር ኩሬ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አፈሩ የሚሸረሸርበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ውኃው አፈር መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባዶ ሃይላንድ ከመውጫው በሚፈሰው ውኃ ይሞላና ከብርሃን ፊት ይታያል፤ ከዚያም ማንም በማይነካው ቦታ ቆሞ ያድራል። በማግስቱ ከሃይላንዱ ሥር የጣት ጥፍር ውፍረት ያህል እንኳ ደለል ከተጋደመ፣ ያ ደለል ትናንት የግድቡ አካል ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሃይላንዱን ሲሞሉ ዙሪያውን ያለውን ጭቃ እንዳይቀሰቅሱ ነው፤ ከብት የረገጠው ማጥ ውስጥ የተቀዳ ውኃ ምንጊዜም ድፍርስ ነው፣ ስለ ግድቡም ምንም አይናገርም።

ቀጥሎ የሚለካው መጠኑ ነው። ከመውጫው በታች ትንሽ ቦይ ተቀዶ ውኃው ወደ አንድ አጭር ቱቦ ይሰበሰባል፤ ከቱቦው ሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይደገናል፤ ጀሪካኑ እስኪሞላ የሚወስደው ጊዜም በስልክ ይያዛል። በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በቀን ግን 43,200 ሊትር ይሆናል፤ 2,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬም በዚሁ መጠን ሳያቋርጥ ቢያፈስ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ባዶ ይቀራል። ቁጥሩ ከቀኑና ከኩሬው የውኃ ከፍታ ጋር ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ሊያስደነግጥ የሚገባው የአንድ ቀን ልኬት ሳይሆን፣ ኩሬው እየጎደለ ሳለ የሚፈሰው ውኃ እየጨመረ መምጣቱ ነው።

ምንም መውጫ ሳይታይ ኩሬው የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው ፀሐይና ነፋስ ሊሆኑ ይችላሉ። በውኃ የተሞላ ባልዲ ጥልቀት በሌለው የኩሬው ዳር ላይ በድንጋይ ተደግፎ እንዲቆም ይደረግና የባልዲውም የኩሬውም የውኃ ልክ ምልክት ይደረግበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለቱ እኩል ከጎደሉ ውኃው የተነነ ነው፤ ኩሬው ከባልዲው በላይ ከጎደለ ልዩነቱ ወደ መሬት የሰረገው ነው። ከብት የሚጠጣበትና በሞተር የሚሳብበት ቀን እንደማይቆጠር ግልጽ ነው።

ውኃ መንገድ የሚያገኝባቸው ቦታዎች ያን ያህል ብዙ አይደሉም። ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ፣ ግድቡ ላይ የበቀለ የባሕር ዛፍ ሥር፣ ግድቡ ከተፈጥሮው ኮረብታ ጋር የሚገጥምበት ትከሻ፣ ግድቡ ሲሠራ የላይኛው ለም አፈር ሳይነሣ የቀረበት መሠረት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም ችግሩ አያበቃም፤ ሥሩ ሲበሰብስ የተወው ቧንቧ መሰል ክፍተት በውስጥ ይቀራል። ከሁሉም ይበልጥ ሊጠረጠር የሚገባው ግን በግድቡ ውስጥ የሚያልፈው የውኃ ማውጫ ቱቦ ነው፤ ክብ በሆነ ቱቦ ሥር አፈርን በደንብ መጠቅጠቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ውኃ ቱቦውን ተከትሎ ይወጣል፤ መጋጠሚያው ከላላም ከቱቦው ውስጥ ወደ ግድቡ አካል ይረጫል። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ የነበረው የሎውን ሌክ ግድብ ስምንት ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተናደው በቱቦውና በመዝጊያው መካከል ያለው የእርሳስ ማያያዣ ስላፈሰሰ ሲሆን፣ ሦስት ሰዎች ሞተውበታል። ትንሽ ግድብ ስለሆነ አያሰጋም የሚለው አባባል ከግርጌው የሚኖሩ ሰዎች ካሉ አይሠራም።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ነገር ውኃው በሚወጣበት በኩል ጭቃ ወይም ሲሚንቶ መወተፍ ነው። ይህ ከጉዳት የከፋ ጉዳት ያመጣል። የተወተፈው ውኃ አይቆምም፤ ከኋላ ተጠራቅሞ ግፊቱ ይጨምራል፣ የግድቡን ደረቅ ገጽ ያርሰዋል፣ ከዚያም ከአንድ ሜትር ወዲያ በአዲስ ቦታ ይፈነዳል። ትክክለኛው የመጀመሪያ ዕርዳታ ውኃው እንዲወጣ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር ማድረግ ነው፤ በአጭሩ ወንፊት መሥራት ማለት ነው። በመውጫው ላይ መጀመሪያ ታጥቦ የተጣራ የወንዝ አሸዋ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይደለደላል፤ በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩም ላይ ክብደት እንዲሰጠው ድንጋይ ይደረደራል። እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ያለውን የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ የአፈር ምሕንድስና አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ ባስቀመጠው መመዘኛ መሠረት የወንፊቱ ደቃቅ ቅንጣቶች መጠን ከሚጠበቀው አፈር ሻካራ ቅንጣቶች ከአራት ወይም ከአምስት እጥፍ መብለጥ የለበትም። በቀጥታ ጭቃው ላይ ትልልቅ ድንጋይ መቆለል ወንፊት አይሆንም፤ አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል እንደ ልቡ ይወጣል። ውኃው እየፈላ ከመሬት የሚወጣ ከሆነና አሸዋውን የሚገፋ ከሆነ፣ በዙሪያው በአፈር የተሞሉ ጆንያዎች እንደ ጉድጓድ አፍ ይደረደራሉ፤ በውስጡ የሚቆመው ውኃ ከፍ ሲል ግፊቱን በግፊት ይመልሳል። ግቡ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ብቻ ከፍ ማድረግ እንጂ ማቆም አይደለም።

ይህ ሥራ በማንኛውም ብርድ ሊሠራ ይችላል፤ ደረቅ አሸዋና ጠጠር ውኃ ስለማይቋጥር ውርጭ አያበላሸውም። ለዚህ ነው በበረዶ አገርም ቢሆን ከደረቁ ገጽ በኩል ያለው ሥራ ጸደይን የማይጠብቀው።

አብሮ የሚሄደው የውኃውን ከፍታ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ስርገቱም ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜም ውኃው ከቀዳዳው አፍ በታች ሲወርድ መፍሰሱ ፈጽሞ ይቆማል፤ ያ ከፍታ ቀዳዳው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ስለሚጠቁም ምልክት ሊደረግበት ይገባል። አፋጣኝ አደጋ እስከሌለ ድረስ ግን በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ባይወርድ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ለወራት ውኃ የጠጣው የግድቡ ውስጠኛ ገጽ የሚደግፈው ውኃ በድንገት ሲሄድበት በገዛ ክብደቱ ተንሸራትቶ ይወርዳል። መዝጊያ ከሌለ የኩሬው ውኃ በጎማ ቱቦ ተስቦ ከግድቡ በላይ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ በውኃ ከተሞላ በኋላ የውጪው ጫፍ ከኩሬው ውኃ በታች እስከሆነ ድረስ ያለ ሞተር ይፈስሳል። ይህን ዘዴ የሚገፋው የአየር ግፊት ስለሆነ ከፍታ ቦታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በባሕር ጠለል ላይ በስሌት ውኃን ወደ 10 ሜትር የሚያነሣው ግፊት፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ወደ 7 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከአራትና ከአምስት ሜትር በላይ መተማመን አይገባም። በበረዶ አገር ያለ ሰው ሌላም የሚጠነቀቀው ነገር አለ፦ ውኃው ከሥር ሲወርድ የበረዶው ክዳን ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ትናንት ሰው የተሸከመው ያው በረዶ ዛሬ ሰው ቢረግጠው ይደረመሳል።

ዘላቂው ጥገና ውኃ ባለበት በኩል ወይም በግድቡ መካከል ተቆፍሮ በሸክላ አፈር የሚሠራው ነው። ቁፋሮው ቀዳዳውን ተከትሎ ጤነኛ አፈር እስኪገኝ ድረስ ይሄዳል፤ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ከተቆፈሩ አዲሱ አፈር ከአሮጌው ጋር ስለማይያያዝ እንደ ደረጃ እየተሠሩ ይሰፋሉ፣ ፊታቸውም በመቆፈሪያ ይሻከራል። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር እየተደለደለ ይጠቀጠቃል። እርጥበቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው እፍኝ አፈር በእጅ ሲጨመቅ ነው፦ ድብልብል ሆኖ ካልጸና ደርቋል፣ እጅን በጭቃ ከቀባ ረጥቧል፤ በመዳፍ ሲያንከባልሉት የክብሪት እንጨት ያህል ቀጥኖ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ለመጠቅጠቅ ተመችቷል። ሮለር በሌለበት ከብት ማስረገጥ የሚናቅ ዘዴ አይደለም፤ የጤፍ መሬት በከብት እንደሚረገጠው ሁሉ ሰኮና ሸክላን ከጠፍጣፋ መደብደቢያ ይልቅ ከታች ጀምሮ ያጣብቃል። ከጭቃ ቤት የመጣ አንድ ልማድ ግን እዚህ መቅረት አለበት። ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃውን በጭድ ያቦካል፤ ለግድግዳ ጥሩ ነው፣ ለግድብ ግን ጭዱ በስብሶ የውኃ መንገድ ይሆናል።

ሸክላ ሁሉ አንድ አይደለም። በሸዋ ደጋ በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር እርጥብ ሳለ ውኃ አያሳልፍም፤ ሲደርቅ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በበጋ ውኃው የጎደለበት የግድብ አናት በዋልካ ከተሠራ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይከርማል፣ የሐምሌ ጎርፍ ሲመጣም ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ያልፋል። በደጋ «በድንገት ማፍሰስ ጀመረ» ከሚባልላቸው ኩሬዎች ብዙዎቹ በእኔ ግምት በዚሁ መንገድ የተጎዱ ናቸው። ስለዚህ ዋልካው በውስጥ ሆኖ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ በማይሰነጠቅ ቀይ ወይም ጠጠር ቀላቅሎ በያዘ አፈር መሸፈን አለበት፤ ሣር ቢበቅልበት ይመረጣል፣ ዛፍ ግን አይተከልበትም። ሌላም ዓይነት ሸክላ አለ፣ ንጹሕ ውኃ ሲነካው በራሱ የሚበተን። የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ጓል ጥርት ያለ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይቀመጥና ሳይነካ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ፈራርሶ ከሥር ቢከመር ችግር የለውም፤ በዙሪያው ወተት የመሰለ ደመና ከተነሣና ካልረጋ ግን ያ አፈር ለግድብ አይሆንም፣ ወይም በባለሙያ ምክር በኖራ ወይም በጂፕሰም መታከም አለበት።

ብርዱ የሚያበላሸው ይህንኑ የሸክላ ሥራ ነው። ውኃ ሲጋገር በመጠኑ ወደ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ በረዶ ሲለወጥ ቅንጣቶቹን ይገፋቸዋል፣ ትናንት የተጠቀጠቀው ንብርብርም ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እርሾ ሊጥ ልል ሆኖ ይቀራል። የጠጠረ ጓል ውስጡ ተቀላቅሎ ከተጠቀጠቀ ደግሞ ከላይ ድንጋይ መስሎ ያታልላል፤ ሲቀልጥ ባዶ ቦታ ይተዋል። በበረዶ አገር ይህ ችግር ሜትር ስለሚጠልቅ ሥራው ይቆማል። በእኛ ደጋ ውርጩ ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ ገጽ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አይዘልም፣ ረፋድ ላይም ይለቃል፤ ስለዚህ መፍትሔው የሥራ ሰዓትን ማስተካከል ነው። ማታ ሥራው ሲያበቃ የመጨረሻው ንብርብር በገለባ ወይም በላስቲክ ይሸፈናል፤ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ሽፋኑ፣ በተለይ ገለባው፣ አንዲት ዘለላ ሳትቀር ይነሣል፤ የላላው ገጽ ተፍቆ ይጣላል ወይም እርጥበቱ ተስተካክሎ እንደገና ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ነው አዲስ አፈር የሚጨመረው። ከአራት ሰዓት በፊት አፈር መደልደል የጀመረ ቡድን ቀን ያተረፈ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን በንብርብሮቹ መካከል የውኃ መንገድ እያነጠፈ ነው።

የቱቦውን ዙሪያ በኮንክሪት ማሰር ካስፈለገም ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሽየስ በታች ሲወርድ ሲሚንቶ የሚጠነክርበት ፍጥነት እጅግ እንደሚቀንስ፣ ሳይጠነክር ውርጭ ያገኘው ኮንክሪትም ጥንካሬውን ለዘለቄታው እንደሚያጣ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ከረፋድ ጀምሮ ተሞልቶ ማታ ማታ መሸፈን ይኖርበታል። ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ውኃ የማያሳልፍ የኩሬ ላስቲክ የሚያነጥፍ ሰው ደግሞ ላስቲኩ በቀትር ፀሐይ ተለጥጦ ሌሊት በብርድ እንደሚሰበሰብ አስቦ ትርፍ ሊተውለት ይገባል፤ በቀትር ተወጥሮ የታሰረ ላስቲክ በሌሊት ከጠርዙ ይነቀላል።

ከጥገናው በኋላ ውኃው በአንድ ጊዜ እንዲሞላ መፍቀድ አይገባም። የቲተን ግድብ የተናደው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየተሞላ ሳለ ነበር፤ የተጠገነ ግድብም እንደ አዲስ ግድብ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ መዝጊያ ያለው ኩሬ በከፊል ተከፍቶ ውኃው ቀስ እያለ ከፍ እንዲል ይደረጋል፤ በየጥቂት ቀኑም ከወንፊቱ ሥር ጀሪካኑ ተደግኖ ጊዜው ይያዛል፣ ሃይላንዱም ይሞላና ያድራል።

ያ ሃይላንድ ለሳምንታት ጥርት ብሎ ካደረ፣ የቀረውን ስርገት ለማጥፋት ገንዘብ ማፍሰስ የግድ ላይሆን ይችላል። በመቀሌ ዙሪያ በኖራ ድንጋይና በተሰነጣጠቀ ዓለት ላይ የተሠሩ ብዙ ትናንሽ የአፈር ግድቦች ውኃ ያፈስሳሉ፤ ከግድቦቹ በታች ያሉ ገበሬዎች ግን የሰረገውን ውኃ በእጅ ጉድጓድ እያወጡ አትክልት ያለሙበታል። በደብረ ብርሃኑ ኩሬ ግርጌ ያለው የለመለመ ቦታም ወንፊቱ ከተሠራለትና ከብቱ እንዳይረግጠው ከታጠረ፣ ሁለት መደብ ጎመን ይይዛል።